የሚንቀራፈፍ ሪፖርት፦ ፊልተር፣ ካሽ ወይስ ስናፕሾት?

ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጣት ኪቦርድ ላይ አይታዘዝም። እህል የሚሰበስብ አንድ ድርጅት ውስጥ የዳታቤዝ ሥራ ይዤ በነበረ ጊዜ፣ ሥራ አስኪያጁ የግዢ ሪፖርቱን የሚከፍቱት በዚያች ሰዓት ነበር። የመጠበቂያዋ ክብ ስክሪኑ ላይ መዞር ትጀምራለች። ሻይ ይታዘዛል። ሻዩ ይመጣል፣ ይጠጣል፣ ብርጭቆው ይነሳል። ክቧ አሁንም ትዞራለች። ከዚያ ስልኬ ይጮኻል።

"አንተ፣ ዛሬም ሲስተም የለም እንዴ?"

"ሲስተም አለ ጋሼ። ሪፖርቱ ነው የከበደው።"

"ታዲያ ይቅለላ!"

እንዴት ይቅለል ብላችሁ ሦስት ባለሙያ ብትጠይቁ ሦስት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ፊልተር አድርግበት ይላል፤ የሚፈለገው ብቻ ተመርጦ ይታይ ማለቱ ነው። ሌላው ካሽ ይሁን ይላል፤ አንዴ የወጣው ውጤት ተቀምጦ ለቀጣዩ ሰው ይሰጥ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ሌሊት ስናፕሾት ይያዝ ይላል፤ ሪፖርቱ ሰው ሳይጠይቅ በቀጠሮ ተሠርቶ ይጠብቅ ማለቱ ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ የሚያድኑት በሽታ ግን ለየቅል ነው። አንዱን ከሌላው ጋር በስህተት ካጋባችሁት ደግሞ ከበፊቱ የባሰ ይመጣል። ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለቴ ተሳስቼ። ምሳሌዬ ከማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ሪፖርቲንግ ሰርቪስስ፣ ከዳታቤዝ ሪፖርት ከሚያወጣው ሲስተም፣ ነው፤ እጄን ያፍታታሁት በሱ ስለሆነ። ሌላ ሲስተም ላይም ሐሳቡ ብዙ አይርቅም።

የት ላይ እንደሚዘገይ እዩ

ሪፖርት ሰርቨሩ የራሱ ዳታቤዝ አለው። እዚያ ውስጥ ኤክስኪውሽን ሎግ 3 የሚባል ቪው፣ እንደ ሠንጠረዥ የሚነበብ ነገር፣ አለ። ሪፖርት በተከፈተ ቁጥር አንድ መስመር ይጽፋል። ሦስት ቁጥሮች ፈልጉ፦ ዳታውን ለማምጣት የፈጀው ጊዜ፣ ለማደራጀት የፈጀው፣ ገጹን አዘጋጅቶ ለማውጣት የፈጀው። ሁሉም በሚሊሰከንድ ነው። ለ1,000 ስታካፍሉት ሰከንድ ይሆናል።

የመጀመሪያው ከገነነ ችግሩ ኳሪው (ለዳታቤዙ የሚቀርበው ጥያቄ) ወይም ኢንዴክሱ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋ የሚያፈጥነው) ጋ ነው። ሁለተኛው ከገነነ የመጣው ዳታ ከሚገባው በላይ ነው፤ ሪፖርቱ ሲያቧድንና ሲደምር ይደክማል። ሦስተኛው ከገነነ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው የዓመቱን ሁሉ ወደ ኤክሴል እያወጣ ነው፤ ሄዳችሁ አነጋግሩት።

የኛ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነበሩ።

የመደመር ምልክቷ የምትደብቀው

ሪፖርቱ ሲከፈት ወረዳዎቹን ይደረድራል፦ ባሶና ወራና፣ አንጎለላና ጠራ፣ ሞረትና ጅሩ፣ ምንጃር ሸንኮራ፣ መንዝ ጌራ። ከጎናቸው የመደመር ምልክት አለች። እሷን ስትነኩ ቀበሌዎቹ ይወጣሉ። ቀበሌውን ስትነኩ ደረሰኞቹ፦ የቢራ ገብስ ይህን ያህል ኩንታል፣ ስንዴ ይህን ያህል። ድሪል ዳውን የሚባለው ይህ ነው። ለዓይን ደስ ይላል።

ግን አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም። እኔም ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ምልክቷ ዳታ አታመጣም። ዳታው ሁሉ ገና ሪፖርቱ ሲከፈት መጥቶ አልቋል። እሷ የተደበቀውን ገለጥ ነው የምታደርገው።

ስሌቱን እንሥራ። 10 ወረዳ አለ እንበል። በየወረዳው 20 ቀበሌ፣ በየቀበሌው 500 ደረሰኝ። ሪፖርቱ በተከፈተ ቁጥር 100,000 ደረሰኝ ይጫናል። ሥራ አስኪያጁ ምን አዩ? 10 ወረዳ። ከፈለጉ የአንዱን 20 ቀበሌ። ቢበዛ የአንዱን ቀበሌ 500 ደረሰኝ። በድምሩ 530 መስመር። የቀረው ተጭኖ፣ ተደምሮ፣ ሳይታይ ይጣላል።

ስለዚህ ከፊልተርም ከካሽም በፊት ሪፖርቱን ለሁለት መክፈል ይሻላል። የላይኛው በቀበሌ የተደመረውን ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ድመራውን ዳታቤዙ ራሱ ይሠራል። 200 መስመር ነው፤ ምንም ማለት አይደለም። ደረሰኙ ሌላ ሪፖርት ይሆናል። ቀበሌው ሲነካ ያኛው ይከፈትና የዚያን ቀበሌ ብቻ ያመጣል። ድሪልስሩ ይሉታል። የመደመር ምልክቷን የለመደ ሰው አዲስ ገጽ ሲከፈትበት ትንሽ ያጉረመርማል። በሳምንቱ ይረሳዋል።

ሰብ ሪፖርት ግን አደራ። ዋናው ሪፖርት ውስጥ በየመስመሩ ሌላ ሪፖርት ከሰካችሁ ኳሪው በየመስመሩ ይሮጣል። 200 ቀበሌ ካለ 200 ጊዜ።

ፓራሜትርና ፊልተር አንድ አይደሉም

ሰው ሁለቱንም ፊልተር ይላቸዋል። ስክሪኑ ላይም አይለያዩም፤ ወረዳ ምረጥ የሚል ሳጥን ነው። ከኋላ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የኳሪ ፓራሜትር ጎተራው ድረስ ሄዶ የሚፈለገውን ብቻ ሰፍሮ መምጣት ነው። የሪፖርት ፊልተር ጎተራውን ሙሉ ጭኖ ቢሮ አምጥቶ፣ እዚያ በወንፊት መንፋት ነው። ሞረትና ጅሩን ብቻ ብትመርጡም የሌላው ሁሉ ተጭኗል። ሪፖርቱ በቀጥታ ከዳታቤዙ የሚያነብ ከሆነ ወረዳውም፣ ቀኑም፣ የእህሉ ዓይነትም በፓራሜትር ይሁን። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ፓራሜትር አድርጋችሁም ካልፈጠነ ቀኑን እዩት። የኛ አገር ልዩ በሽታ እዚህ ጋ ናት። ዳታቤዙ ቀን የሚይዘው በፈረንጅ ነው። ሠራተኛው የሚፈልገው የኅዳርን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይር ፈንክሽን፣ ትንሽ የስሌት ፕሮግራም፣ ይጽፍና ኳሪው ውስጥ በየመስመሩ ይጠራዋል፤ ይህን ቀን ቀይርና ወሩ 3 ከሆነ አምጣ እያለ። ኢንዴክሱ የተሠራው በፈረንጁ ቀን ነው። በፈንክሽን የተጠቀለለ ቀን ላይ አይሠራም። ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ያስሳል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ የቀን መቁጠሪያ ሠንጠረዥ ሥሩ። በየመስመሩ የፈረንጁ ቀን፣ የኛው ቀን፣ ወሩና የበጀት ዓመቱ ይቀመጥ። የሃያ ዓመቱ ቢሞላ እንኳ ከ7,305 መስመር አይበልጥም። ሪፖርቱ ሲጠየቅ ከዚያ ላይ መነሻና መድረሻ ቀን ይወስድና ደረሰኞቹን በዚያ ክልል ይጠይቃል። ለበጀት ዓመትማ ሠንጠረዥ እንኳ አያስፈልግም፤ ሐምሌ 1 በዚህ ዘመን ሁሌም ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው። ደግሞ ጳጉሜንን አትርሱ። ወሮቹን 12 ብሎ የጀመረ ሪፖርት አይቻለሁ፤ የወሮቹ ድምር ከዓመቱ ድምር ለምን እንደሚያንስ ሂሳብ ክፍል ሲጨቃጨቅ ነው የዋለው።

ካሽ፦ የመጀመሪያው ሰው ለሁሉም ይከፍላል

ካሽ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሪፖርቱን ይከፍታል፣ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ያንን ውጤት ያስቀምጠዋል። ቀጥሎ የመጣው ከተቀመጠው ይሰጠዋል። ከወሰናችሁት ደቂቃ በኋላ፣ 30 ነው እንበል፣ የተቀመጠው ይጣላል። ቀጣዩ ሰው እንደገና ይጠብቃል።

እኛ ቤት የመጀመሪያ ምርጫዬ ይህ ነበር። ሁሉም አመሰገነ፣ ከሥራ አስኪያጁ በቀር። ምክንያቱ ሲገባኝ ሳቅኩ። ጠዋት መጀመሪያ የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው! ሌሊቱን ካሹ ጊዜው አልፎ ተጥሏል። ስለዚህ በየቀኑ ለሁሉም የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ሻያቸውን ሲጨርሱ ሌላው በአንድ ክሊክ ያገኛል።

ሁለተኛ ጉዳይ አለ። ካሽ በየፓራሜትሩ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። የአንኮበር የኅዳር ሌላ፣ የአንኮበር የታኅሣሥ ሌላ። ሰዉ የሚጠይቀው የተለያየ ከሆነ ሁሉም የመጀመሪያ ሰው ይሆናል፤ ካሹ ስሙ ብቻ ይቀራል። ካሹን በጊዜ ሰሌዳ አስቀድሞ ማሞቅ፣ ማለትም ሰው ሳይመጣ መሙላት፣ ይቻላል። ግን እዚያ ከደረሳችሁ ወደ ስናፕሾት እየሄዳችሁ ነውና ለምን ቀጥታ አትሄዱም?

ካሽ የሚያዋጣው ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት ተመሳሳይ ነገር ሲከፍት ነው። የዕለቱ የመግዣ ዋጋ ዝርዝር አንድ ምሳሌ ነው፤ በገበያ ቀን ሁሉም ቅርንጫፍ ይከፍተዋል።

ስናፕሾት፦ ሌሊት የተጋገረ

ስናፕሾት ሰው አይጠብቅም። በቀጠሮው ሰዓት ሰርቨሩ ራሱ ኳሪውን አስኪዶ ውጤቱን ያስቀምጣል። ጠዋት የሚመጣው ሁሉ ያንኑ ያያል። ያደረ እንጀራ ነው፤ ግን ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥራ አስኪያጁ የትናንቱን እስከ ማታ ማየት ይበቃቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ የዛሬ ምን አለና?" አሉኝ። ልክ ናቸው። ገበሬው ገና መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደ ወንፊቱ እንመለስ። እዚህ ላይ ቅድም ያልኩት ይገለበጣል። ስናፕሾት ሲያዝ ፓራሜትሮቹ በነባሪ ዋጋቸው፣ ማንም ሳይመርጥ በሚሞላው፣ ይታሰራሉ። ወረዳው የኳሪ ፓራሜትር ከሆነና ነባሪው ባሶና ወራና ከሆነ፣ ሁሉም ሰው ባሶና ወራናን ብቻ ያያል፤ መቀየር አይችልም። ይህን ሳላውቅ አንድ ቀን ሙሉ የመንዞቹ ሰዎች ሲደውሉልኝ ውያለሁ።

ስለዚህ ለስናፕሾት ወረዳው ፊልተር ይሁን። ጎተራው ሌሊት ቢሮ መጥቶ አድሯል፤ ጠዋት በወንፊት መንፋት ምንም አይከብድም። ለቀጥታ ሪፖርት ስህተት የነበረው ለስናፕሾት ልክ ይሆናል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ሌሊት የመጣው ትንሽ ይሁን። በቀበሌ የተደመረው 200 መስመር ከሆነ እሰየው። 100,000ውን ደረሰኝ ስናፕሾት ውስጥ ከከተታችሁት ማምጣቱ ቢቀር ማደራጀቱ ይጠብቃችኋል። የበጀት ዓመቱ ግን ፓራሜትር ሆኖ ይቅር፤ ነባሪውን ከዕለቱ ቀን እንዲያሰላ አድርጉት።

እኛ የገባንበት ወጥመድ ቀጥሎ ነው። የላይኛው ሪፖርት ስናፕሾት ሆነ። ደረሰኙ ግን በቀጥታ የሚያነብ ሌላ ሪፖርት ነው። ከሰዓት በኋላ የሂሳብ ሠራተኛዋ ወረቀት ይዛ መጣች። "ወንድሜ፣ ላይ 480 ኩንታል ይላል። ደረሰኙን ስደምረው 495 ነው። አሥራ አምስቱን ማን አስገባው?" ማንም አላጭበረበረም። አሥራ አምስቱ ጠዋት የገባ ነው። እስክገልጽላት ግን ግማሹ ቢሮ ሰምቶታል።

መፍትሔው ሪፖርቱ የተያዘበትን ሰዓት ወደ ደረሰኙ ሪፖርት ማሳለፍ ነው። ኤክስኪውሽን ታይም የሚባል ዋጋ አለ፤ ስናፕሾት ላይ የተያዘበትን ሰዓት ነው የሚሰጠው። ደረሰኙ ከዚያ ሰዓት በፊት የተመዘገበውን ብቻ ያምጣ። ለዚህ ሠንጠረዡ ላይ የተመዘገበበት ሰዓት የሚል ዓምድ ያስፈልጋል። የግዢው ቀን አይበቃም፤ የማክሰኞን ደረሰኝ ሐሙስ የሚያስገባ መጋዘን ብዙ ነው። ያረጀ ደረሰኝ ከታረመ ልዩነቱ አሁንም ይኖራል፣ ግን ያ በዓመት ስንቴ ነው?

ሌላው የስናፕሾት ጥቅም ሰኔ 30 ላይ ይታያል። የመዝጊያውን ሪፖርት በታሪክ መልክ ማስቀመጥ ይቻላል። ሐምሌ ላይ የዘገየ ደረሰኝ ቢገባም የተዘጋው ቁጥር አይነቃነቅም። ኦዲተር ሲመጣ እሱን ነው የምታወጡት። የሚቀመጠውን ብዛት ግን ወስኑ፤ በየሌሊቱ ከተጠራቀመ የሪፖርት ሰርቨሩን ዳታቤዝ ያሳብጠዋል።

አንድ ነገር ለካሽም ለስናፕሾትም ይሠራል። ሁለቱም ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠ አንድ የጋራ መግቢያ (የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል) ይፈልጋሉ። የመሐል ሜዳው ሠራተኛ የአረርቲን ዋጋ እንዳያይ በየሰው የሚለይ ሪፖርት ከሆነ አይሆኑላችሁም። ፊልተር ደግሞ ዳታው አልፎ ከመጣ በኋላ የሚነፋ ወንፊት ነው፤ ለምስጢር አትተማመኑበት።

8 ሰዓት የቱ 8 ሰዓት ነው?

የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ስናፕሾቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እንዲያዝ ወሰንን። ሰው የለም፣ መጋዘኖቹ ተዘግተዋል። ቁጭ ብዬ 8:00 ብዬ አስገባሁ። ሰርቨሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓት ነው። ለሱ 8:00 ማለት የኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሁሉም መጋዘን ሚዛኑን ከፍቶ መመዝገብ ሲጀምር የኔ ከባድ ኳሪ አብሮ ተነሳ። ኤስኪውኤል ሰርቨር ሳይነካካ በመጣበት ሁኔታ የሚያነብ ኳሪ የሚጽፈውን ሊያስቆም ይችላል። ከደብረ ሲና ተደወለ፣ ከእነዋሪ ተደወለ። ደረሰኝ አላስገባም ብሏል። ማስገባት የነበረብኝ 2:00 ነበር።

ቆይቶ ዳታቤዙ ላይ አንባቢና ጸሐፊ እንዳይጠባበቁ የሚያደርገውን ምርጫ አበራነው። የሱም ስም ውስጥ ስናፕሾት የምትል ቃል አለች፤ ከሪፖርቱ ስናፕሾት ጋር አትዛመድም። ስም ጠፍቶ ነው እንጃ።

መብራትም አለ። ሌሊት ከጠፋና ጄኔሬተር ከሌለ ቀጠሮው ያልፋል። ጠዋት የሚታየው የከትናንት ወዲያው ነው፤ ማንም አይነግራችሁም።

ኤክስፕረስ ላይ ከሆናችሁ

ብዙ ትንንሽ ቢሮ ነጻውን የኤስኪውኤል ሰርቨር እትም፣ ኤክስፕረስን፣ ነው የሚጠቀመው። እሱ ካሽም ስናፕሾትም የጊዜ ሰሌዳም የለውም። አትድከሙ። በምትኩ አንድ የማጠቃለያ ሠንጠረዥ ሥሩና በዊንዶውስ የራሱ ቀጠሮ ያዥ ሌሊት ሌሊት ሙሉት። ሪፖርቱ ከሱ ያንብብ። የድሃ ስናፕሾት ነው፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ከሀብታሙ ይሻለኛል፣ ኢንዴክስ ላደርግበትና በፓራሜትር ልጠይቀው እችላለሁና። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ላይም መንገዱ ያው ነው። ፖስትግሬስ ያላችሁ ታድላችኋል፤ በፈረንጆቹ 2013 ከወጣው 9.3 ጀምሮ ማቴሪያላይዝድ ቪው፣ ውጤቱን አስቀምጦ የሚያቆይ ቪው፣ አለው። ሲታደስ አንባቢ እንዳይቆም የሚያደርገው ትእዛዝ በ9.4 ነው የመጣው፣ ዩኒክ ኢንዴክስ (መስመር እንዳይደገም የሚጠብቅ) ይፈልጋል።

ለማን የቱን?

እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ሰውዬው ስንት ሰዓት ያደረ ቁጥር ይበቃዋል? ስንት ደረጃ ወርዶ ነው የሚያየው?

ለሥራ አስኪያጁ፣ የቀበሌ ድምር በሌሊት ስናፕሾት፣ ወረዳው በፊልተር። ደረሰኙ ቀበሌው ሲነካ ብቻ። ለመጋዘን ሠራተኛዋ፣ ቀጥታ ንባብ፣ ወረዳና ቀን በፓራሜትር፣ ጥሩ ኢንዴክስ። ገበሬው ፊቷ ቆሞ ገንዘቡን ሲጠብቅ ያደረ ቁጥር አይበቃትም። ለዋጋ ዝርዝሩ፣ አጭር ካሽ። ለሂሳብ ክፍል መዝጊያ፣ የሰኔ 30 ስናፕሾት በታሪክ። ሪፖርቱን ማንም ከሁለት ደረጃ በታች ካልወረደበት ደግሞ ሦስተኛውን ደረጃ አውጥታችሁ ጣሉት። እኛ ቤት ሁለት ሪፖርት የዳነው እንዲያ ነው፣ ያለ ምንም ካሽ።

የቱንም ብትመርጡ የሪፖርቱ አናት ላይ የተያዘበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። በኛ አቆጣጠር፣ ጎላ ባለ ፊደል። "እስከ ኅዳር 12 ከሌሊቱ 8 ሰዓት" ብሎ ከጻፈ ክርክሩ ግማሹ ያልቃል። ሥራ አስኪያጁ አሁን ሲደውሉልኝ ሲስተም የለም ወይ አይሉም። "አንተ፣ ይሄ የከትናንት ወዲያ ነው የሚለው፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?" ነው የሚሉኝ።